ቀለሙ ንጹሕ ነበር

የጡረታ ምስክር ወረቀቴን ለሰጠኝ መሥሪያ ቤት መለስኩለት። ጠርዙ በወርቃማ ቀለም ያጌጠ፣ ማኅተሙ የደመቀ፣ ለግድግዳ የሚሆን ወረቀት ነው። መሐሉ ላይ ግን «በላብራቶሪ ሙያ ለረጅም ዓመታት ያለ አንዳች ስህተት ያገለገሉ» ይላል። የሰው ኃይል ክፍሉ ልጅ መመለሴን ሲያይ ግራ ገባው።

«እማማ፣ ለሁሉም የምንጽፈው እኮ እንዲህ ነው። ደስ እንዲላችሁ ብለን ነው።»

«እኔን ደስ አላለኝም» አልኩት። «ተሳስቻለሁ። እዚያው መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ ማስጠንቀቂያው አለ፤ ፈልጉት።»

ልጁ ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ሊሸኙኝ የተሰበሰቡት ባልደረቦቼ «ስታረጅ ነገረኛ ሆነች» ሳይሉ አልቀሩም። ይበሉ። የት፣ መቼ፣ በማን ላይ እንደተሳሳትኩ አሳምሬ አውቃለሁ። ያንን ስህተት ሰው በተሰበሰበበት «የኔ ነው» ለማለት ምን እንዳስከፈለኝም አውቃለሁ። ዛሬ አንድ ኮምፒውተር በአንድ መስመር እንዲሰርዝብኝ አልፈቅድም።

ሥራዬ ደም ማየት ነበር። የተቀጠርኩት አብዮቱ በፈነዳ በማግሥቱ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተመደብኩት አዋሽ ዳር በሚገኝ የእርሻ ልማት ክሊኒክ ነበር። ሙቀቱ የመስታወት ስላይድ ላይ ያንጠባጠብኩትን ደም ሳላስተካክለው ያደርቀዋል። ወባን የተማርኩት እዚያ ነው፤ በቀን ሰባና ሰማንያ ስላይድ እያየሁ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ። ከዚያ ወደ ጉለሌ ተዛወርኩ። የጤና ጣቢያዋን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ፈርሳ ፎቅ ቆሞባታል። ከቀጨኔ ቁልቁል ሲወረድ ስምንት አልጋ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ የመድኃኒት መጋዘንና አንድ መስኮት ያለው ላብራቶሪ ነበራት። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የማወራው የለኝም።

አዲስ አበባ ወባ የለም ይባላል። ትንኟ የለችም ለማለት ከሆነ እውነት ነው። ሰው ግን ይዞት ይመጣል። ሹፌሩ ከመተማ፣ ወታደሩ ከዘመቻ፣ ሸማኔው ከአገር ቤት። በተለይ ከመስከረም በኋላ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እየተንቀጠቀጡ ይመጡብን ነበር። ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ናቸው፤ ለመስቀል አገሩ የማይገባ የለም። አገራቸው ደጋ ቢሆንም መንገዱ በአርባ ምንጭ ቆላ ያልፋል። እዚያ ዘመድ ጋ አንድ ሁለት ቀን አርፈው ሲመለሱ ትንኟ ድርሻዋን ወስዳለች።

ጉለሌ ስደርስ የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ዘለቀ ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ካፖርቱን እንኳ በልክ የሚያጥፍ ሰው ነው። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የእንጦጦን ጋራ የሚያሳየውን መስኮት ይከፍታል። አምፖል ያለው ማይክሮስኮፕ ቢኖረንም እሱ መስታወት ባለው አሮጌው ላይ የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቀ ነበር የሚሠራው። «መብራት ኃይል ቢሄድ ዓይኔ አብሮ አይሄድም» ይላል። ሌንሱን የሚጠርገው ከመታጠብ ብዛት በሳሳ የሸማ ቁራጭ ነው። ሐኪሙ የጻፈውን ማዘዣ ስላይዱን አይቶ ሳይጨርስ አያነብም፤ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ሐኪሙ የጠረጠረውን አንብቤ እሱኑ እንዳላይ ብሎ ነው። በሌንሱ የሚታየውን ክብ እያዛወረ መቶ መስክ ሳይቆጥር «አየሁ» አይልም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ልማዱ ነው። ስላይዱን አይቶ ሲያበቃ ተነስቶ በሽተኛውን ሊያይ ይሄዳል። ሐኪሙና ነርሶቹ «ምን አገባው?» ብለው ያሙታል። እሱ አልጋው አጠገብ ቆሞ ሰውየውን ሰላም ይለዋል፤ ፊቱን ያየዋል፤ ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ ይመለሳል። «ጠብታው ባለቤት አለው» ይለኝ ነበር።

ስለ ጣፊያ ያስተማረኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ከልኳንዳ ቤት የበሬ ጣፊያ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና ማጠቢያው ላይ ሰነጠቀው። ውሃ ለቀቀበት። ደሙ ሲወጣ ውስጡ ስፖንጅ መሰለ።

«ይኸው ቀጨኔ» አለኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ቅያሱን አታዪም? ደማችን በዚህ ሁሉ ጠባብ መንገድ ያልፋል። ጤነኛው የደም ሴል እንደ ሠፈራችን ልጆች ጎንበስ ብሎ ሾልኮ ይወጣል። ያረጀው፣ ቆሻሻ የተሸከመው እዚህ ይያዛል። ስለ ጉበት ሁሉም ያወራል፣ መድኃኒት የሚያብላላው እሱ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ጣፊያን ግን የሚጠይቃት የለም። የወባ መድኃኒት ተሕዋሱን ይገድላል፤ ሬሳውን ከደም ውስጥ የምታወጣው ግን እሷ ናት። እሷ ከሌለች መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶም የሞተው ተሕዋስ በደም ውስጥ ሲንሳፈፍ ይሰነብታል።»

ከዚያ ደብተሬ ላይ ክብ ሣለ፤ በክቡ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ አደረገ። ጣፊያ የሌለው ሰው ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ነጥብ የያዘ ሴል ይታያል፤ ጣፊያ ብትኖር ነጥቡን ታወጣው ነበር አለኝ። ጻፍኩት። ደብተሩን ዘግቼ ረሳሁት። ዓመታት አለፉ፤ ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ወጥቶ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ያለው ቤቱ ገባ፤ እኔ በቦታው ኃላፊ ሆንኩ። ኃላፊ የተባልኩት የምመራው ሰው ሳይኖረኝ ነው።

አሥረኛው የአብዮት በዓል በተከበረ በወሩ ግድም ሻንቆ የሚባል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አልጋ ያዘ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለመስቀል አገሩ ገብቶ መመለሱ ነበር። ሐኪማችን ዶክተር ግርማ ከትምህርት ከተመለሰ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ለበሽተኛ ከልቡ የሚጨነቅ ልጅ ነው። ሻንቆ ሆድ ላይ ከላይ እስከ እምብርት የወረደ ጠባሳ አይቶ ጠየቀው። «አንጀቴ ታጥፎ ተቀድጄ ነው» አለው ሻንቆ። ከገጠር ለሚመጣ ሰው አንጀት መታጠፍ የተለመደ ነው፤ ዶክተሩ አመነው፤ ማንም ያምነው ነበር። ስላይዱን ነርሷ ላከችልኝ። በተሕዋስ የተሞላ ነበር፤ ሦስት ፕላስ ጻፍኩ። የፕላሱ ብዛት የተሕዋሱ ብዛት ነው፤ ቅጹ ሌላ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ዶክተሩ የወባ መድኃኒቱን ኩዊኒን በግሉኮስ አስጀመረው።

በዚያው ስላይድ ላይ ነጥቦቹ ነበሩ። በየሴሉ ውስጥ፣ አንድ አንድ፣ ክብ፣ ጥቁር ወይን ጠጅ ነጥብ። አየኋቸው። ማየት ብቻ ሳይሆን ተናደድኩባቸው። በዚያ ዓመት ተሕዋሱ እንዲታይ ደሙን የምናቀልምበት ቀለም እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ወዲያው ያማሁት ቀለሙን ነው። መዝገቡ ዳር ላይ «ቀለሙ ቆሽሿል» ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙን በወረቀት አጣራሁት። በማግሥቱ ነጥቦቹ እዚያው ናቸው። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና አጣራሁ። በሦስተኛው ቀን መጋዘን ድረስ ሄጄ በአቶ ሰኢድ ላይ ጮኽኩበት።

አቶ ሰኢድ የመጋዘን ኃላፊያችን ነው፤ የወሎ ሰው፣ ሳያስፈርም ጥጥ እንኳ የማይሰጥ።

«እህቴ፣ ጠርሙሱ የተከፈተው ባለፈው ወር ነው» አለኝ በእርጋታ። «ቡሹን አይተሽ፣ አሽትተሽ የፈረምሽው ራስሽ ነሽ።»

«ታዲያ ነጥቡ ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ የማውቀው ጠርሙሱን ነው። ደሙን አንቺ ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ኃላፊ ነኝ፤ ማን ይነግረኛል!

የሻንቆ ትኩሳት በሦስተኛው ቀን ወረደ። ደሙ ግን አልጠራም። በአራተኛው ቀን ሁለት ፕላስ፤ በአምስተኛው ሁለት ፕላስ። ተሕዋሶቹ ተኮማትረው፣ ጠቁረው፣ ቅርጻቸው ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የሞቱ መሆናቸውን እነግራችኋለሁ። ያኔም ዓይኔ አይቶታል። ቅጹ ግን ፕላስ ነው የሚለው፤ ፕላስ ጻፍኩ። ዶክተር ግርማ «መድኃኒቱን የለመደ ወባ ነው» ብሎ መጠኑን ጨመረ። በእጁ ያለው የኔ ወረቀት ነው፤ ሌላ ምን ያድርግ?

በእነዚያ ቀናት አንድ ጊዜ እንኳ ተነስቼ አልጋው ጋ አልሄድኩም። ሳምንቱ የስብሰባ ሳምንት ነበር፤ የውይይት ክበብ፣ የሴቶች ማኅበር፣ የቀበሌ ዘመቻ። ይህን ሰበብ ለራሴ ብዙ ዓመት ስሰጠው ኖሬአለሁ። ሰበብ ነው። አልጋው ከመስኮቴ አርባ እርምጃ አይሞላም።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት ሴት የላብራቶሪውን መስኮት አንኳኳች። ምሳ ዕቃ ይዛለች። የሻንቆ ሚስት ባሎቴ ነበረች።

«ደም የምታዪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ከትናንት ወዲያ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ አለ አለኝ። ዛሬ ስጠራው አይሰማም። ጆሮው ላይ አጨበጨብኩ፤ አይሰማም።»

ኩዊኒን ሲበዛ ጆሮ እንደሚያደነቁር አውቃለሁ።  ስላይዶቹን በሙሉ ሣጥናቸው ውስጥ ከትቼ፣ ለማንም ሳልናገር የቀጨኔን ዳገት ወጣሁ። ጋሽ ዘለቀ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ያመጣኝን ስነግረው ካፖርቱን ለበሰና አንድም ቃል ሳይናገር ተከትሎኝ ወረደ።

አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ከመደርደሪያ አውርዶ መስኮቱን ከፈተ። የመጀመሪያውን ስላይድ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ቀለሙን ስንት ጊዜ አጣራሽው?»

«አምስት ጊዜ።»

«ነጥቡ ከሴሉ ውጪ አለ?»

ጎንበስ ብዬ በሌንሱ አየሁ። አልነበረም።

«የቆሸሸ ቀለም ያገኘው ላይ ሁሉ ነው የሚወድቅ፤ ሴል ውስጥ ገብቶ አንድ አንድ እያለ አይቀመጥም። ይኼ ሰውዬ ጣፊያ የለውም ልጄ። መድኃኒቱ ወባውን ከገደለው ሰነበተ። ይኼን ሁሉ ቀን ስትቆጥሪ የነበረው ሬሳ ነው።» ከዚያ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አንስቶ አየኝ። «ሰውየውን አየሽው?»

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የትኛውም አለቃ እንደዚያ አድርጎ አላሸማቀቀኝም። አልጮኸም። ጠየቀኝ ብቻ።

ባሎቴን ወደ ጓሮ ወስዶ በትሕትና ጠየቃት። «እናቴ፣ ጣፊያውን የት ነው ያስወጣችሁት?»

ዙሪያዋን አየች። «አንጀቱ ነው» አለች። ጋሽ ዘለቀ አጠገቧ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ድምፅዋ ካፏ የማይወጣ ያህል ዝቅ ብሎ ነገረችን። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ታስሮ በርግጫ ሆዱን መቱት፤ ውስጡ ደም ሞላ፤ ሆስፒታል ወስደው ጣፊያውን አወጡለት። ሲለቁት «አንጀቴ ነው በል፤ ሌላ ነገር ካወራህ ትመለሳለህ» አሉት። ያንን ቃል ሰባት ዓመት ለጠየቀው ሁሉ ሲናገር ኖሯል፤ ለዶክተሩም የተናገረው ያንኑ ነው።

«ታዲያ ይኼን እኮ ለዶክተር መናገር ነበረባችሁ!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቀስ ብለሽ እህቴ። በፈጠረሽ፣ ቀስ ብለሽ።»

ዶክተር ግርማ ስንነግረው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። መድኃኒቱን በዚያችው ደቂቃ አስቆመ። የብዙ ሰው ጆሮ ኩዊኒኑ ሲቆም ይመለሳል። የሻንቆ ቀኝ ጆሮ በሁለተኛው ሳምንት በከፊል ተመለሰ፤ ግራው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ገና ምንም ሳይሰማ ሳለ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። መሠረተ ትምህርት ተምሯል፤ ማንበብ ይችላል። ወረቀት ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው። ደምህን በትክክል አላነበብኩም» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቀና አለና፣ ድምፁን ራሱ ስለማይሰማው፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ ተናገረ።

«ዘጠኝ ቀን ደሜን አየሽ። ፊቴን ገና ዛሬ ማየትሽ ነው?»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር። የሸማኔዎች ማኅበር አባላችን ደንቁሮ ተመለሰ፣ ምክንያቱ ይገለጽልን ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የደረሰው ለአስተዳዳሪያችን ለጓድ ደስታ ነው። ጓድ ደስታ የውይይት ክበቡም መሪ ነበር፤ የዚያው ሠፈር ሰው ነው፤ በዚያ በክፉው ዘመን የቀበሌ ጠመንጃ ይዞ የሚዞር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መዝገቤን ወስዶ ገለባበጠና ቢሮው አስጠራኝ።

«አንቺ አስቀድመሽ ጽፈሻል» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ቀለሙ ቆሽሿል፣ ቀለሙ ቆሽሿል፣ ቀለሙ ቆሽሿል። ነጻ ነሽ። ቀለሙን ያቆሸሸው ማን እንደሆነ ነገ በስብሰባው ላይ ታስረጂያለሽ።»

አልዋሽም፤ ለግማሽ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። የወር ደመወዜ፣ ኃላፊነቴ፣ ስሜ፣ ሁሉም ሊተርፍ ነው። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ምን ተብሎ እንደታሰበ ገባኝ። አሻጥር ሊባል ነው። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ቤቱ አይመለስም። እኔ ከስንፍናዬ የተነሣ መዝገብ ዳር ላይ የጫጫርኳት ቃል አቶ ሰኢድን ልትወስደው ነው።

ስብሰባው በሽተኞች ወረፋ በሚጠብቁበት አዳራሽ ነበር። ሠራተኛው በሙሉ አለ። ጓድ ደስታ መዝገቡን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ጓዶች፣ ይህ ተራ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው። አቶ ሰኢድ፣ ይነሱ። ወንድምዎ ሽሮ ሜዳ ነጋዴ ነው አይደል?»

አቶ ሰኢድ ተነሣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። «ወንድሜ ክርና ሳሙና ነው የሚሸጥ» አለ።

«ንጹሑን ቀለም ሸጣችሁ፣ የተበረዘውን ለሕዝብ አቀረባችሁ። ጓድ አስካለ፣ ተነሺና አስረጂ።»

ተነሣሁ። ድምፄ ደህና ወጣ።

«ቀለሙ ንጹሕ ነበር።»

«ምን?»

«ቀለሙ ንጹሕ ነበር ጓድ። ነጥቦቹ ከሰውየው ደም የመጡ ናቸው። ሳላውቅ ቀርቼ በቀለሙ አሳበብኩ። የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ስህተቱ የኔ ነው። አቶ ሰኢድ በሦስተኛው ቀን ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።»

«በራስሽ እጅ የጻፍሽውን ነው የምትክጂው?»

«አልክድም። ስህተት ነው እያልኩ ነው።»

«ለምንድነው ደሙ ነጥብ የሚኖረው?»

«ጣፊያ ስለሌለው ነው።»

«ጣፊያውን ማን አወጣው?»

 ባሎቴ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች። ዓይኔን ከጓድ ደስታ ዓይን አላነሳሁም።

«እኔ በማይክሮስኮፕ የማየው የጎደለውን ነው ጓድ። ማን እንዳጎደለው አያሳየኝም። ይጠየቅ ከተባለ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ሠፈር የሚያውቁ ሰዎች አሉ።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጥያቄው መልስ ቢያገኝ ለማን እንደማይበጅ ገባው። በዚህ መሐል ዶክተር ግርማ ሳይጠራ ተነሣ። «መጠኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቀለም አልጨመረም» አለና ተቀመጠ። ጓድ ደስታ መዝገቡን ዘጋ። አቶ ሰኢድ እንዲቀመጥ ማንም ሳይነግረው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የዓመቱ ጭማሪ ቀረብኝ፤ ለስምንት ወር ከማይክሮስኮፕ ተነስቼ ብርጭቆ አጣቢ ሆንኩ። አጠብኩ። እንደኔ አድርጎ ያጠበም የለም። በስብሰባው ማግሥት አቶ ሰኢድ ጋ ሳሙና ልጠይቅ ሄድኩ። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። ሳሙናውን መዘነ፤ መዝገቡን አዞረልኝ።

«እዚህ ፈርሚ» አለ። ፈረምኩ። ፊርማዬን አየውና «ደግመሽ ፈርሚ፤ ዛሬ እጅሽ ተንቀጥቅጧል» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ብርጭቆ እያጠብኩ ለሻንቆ አንድ ካርድ አዘጋጀሁለት። በወፍራም ወረቀት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። «ጣፊያ የለኝም። ወባ ከያዘኝ፣ መድኃኒቱ ከሠራ በኋላም የሞተ ተሕዋስ በደሜ ውስጥ ብዙ ቀን ይታያል። መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ተሕዋሱ ሕይወት እንዳለው ላብራቶሪውን ጠይቁ።» ባሎቴ ስታየው ደነገጠች። «ጣፊያ የለኝም» የሚል ወረቀት በኪስ ይዞ መዞር በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ሻንቆ ግን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በቀጣዩ ዓመት ለመስቀል እንዳይሄድ ለመንኩት። ጋሞን ለመስቀል «አገርህ አትግባ» ማለት አይሆንም። የመከላከያ ኪኒን ሰጠነው፤ በዓሉ ላይ ረሳው። በጥቅምት እየተንቀጠቀጠ መጣ። ዶክተር ግርማ ተዛውሮ ሌላ ሐኪም መጥቶ ነበር፤ እኔ ወደ ማይክሮስኮፔ ተመልሻለሁ። በዚህኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስላይዱን ከማየቴ በፊትም በኋላም አልጋው ጋ ነበርኩ። ሻንቆ ጥሩውን ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር የሚተኛው፤ መድኃኒቱ በዚያ በኩል እንዳይገባ የሚጠብቅ ነበር የሚመስል።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ የለም፤ ስላይዱ ሁለት ፕላስ። ወረቀቱን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ፕላሱን አይቶ እስክሪብቶውን አነሣ።

«መጠኑ ይጨመር።»

«ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት ዶክተር።»

«ሁለት ፕላስ፣ የሞቱ።» ቀና አለ። «የሞቱ የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለም።»

«አሁን አለ።»

«አንቺ እኮ ሐኪም አይደለሽም።»

«አይደለሁም። ጆሮ የቀረው ግን አንድ ነው። ካርዱ ደረት ኪሱ ውስጥ አለ፤ ስላይዱ ማይክሮስኮፑ ላይ ተዘጋጅቷል። ሁለቱን ሳያዩ የሚጽፉትን ትእዛዝ እኔ ለነርሷ አላደርስም።»

ሊቆጣኝ ነበር። ግን ተነሥቶ መጣ። የተኮማተሩትን አሳየሁት፤ ነጥቦቹንም አሳየሁት። የመደበኛው መጠን ሰባት ቀን ሲሞላ አስቆመ። ሬሳዎቹ ለሌላ ሳምንት ታዩ፤ ከዚያ ጠሩ። ሻንቆ በአንድ ጆሮው እየሰማ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለሰ።

ዛሬ ማሽኖቹ ቁጥሩን ራሳቸው ያትማሉ። ማሽን አልጠላም፤ መቶ መስክ ሲቆጥር አይደክመውም። ከኔ በኋላ የመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ከወንበራቸው ግን አይነሡም፤ ስነግራቸው «እትዬ፣ ጊዜ የለም» ይሉኛል። አርባ እርምጃ ነው እላቸዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብያቸዋለሁ፤ ቢሰለቻቸውም ይሰልቻቸው።

ምስክር ወረቀቱን በመለስኩ ማግሥት ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ሻንቆ አርጅቷል፤ አሁንም ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሸምናል። ክር ሲበጠስ ድምፁን ይሰማ ነበር፤ አሁን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚያውቀው። በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ፤ ሁልጊዜ የምቀመጠው በዚያ በኩል ነው። ከጎኑ የተደረደሩት ሸማኔዎች ሥራቸው ላይ ናቸው። ባሎቴ የክሩን ድውር ታዘጋጃለች።

«ምነው ፊትሽ?» አለኝ።

ጆሮው ላይ ጠጋ ብዬ «ያለ አንዳች ስህተት አገለገለች ብለው ጻፉልኝ» አልኩት።

«ምን አሉሽ?»

ጮኽኩ። «አልተሳሳተችም አሉ!»

መወርወሪያውን አስቀመጠ። «እና ምን አልሻቸው?»

«ውሸት ነው አልኩና መለስኩላቸው!»

የጎረቤቶቹ መሸመኛ ሁሉ ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የድሮው ልማድ ይዞኝ ድምፄን ዝቅ ላደርግ ስል ባሎቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ያኔ በያዘችኝ ቦታ ላይ፤ ዛሬ ግን «ቀስ ብለሽ» አላለችኝም። ሻንቆ ደግሞ ቀኝ ጆሮውን ወደኔ አዞረና፣ ያንኑ ክፍል የሚሞላ ድምፁን አወጣው።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ። ጣፊያዬን እንዴት እንዳጣሁትም ንገሪያቸው። ጮክ በይ፣ ይስሙ!»